የእናቴ መንገድ፦ ከደሴ እስከ ስቶክሆልም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰው ሻንጣውን ያስራል፣ ቀኑን ይቆርጣል፣ የሚቀበለውን ሰው በስልክ ይቀጥራል፤ መንገዱ ግን የሚሄደው በአላህ (ሱ.ወ.) ቀድር ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዞ የስቃይ ቁራጭ እንደሆነ፣ ሰውን ከእንቅልፉ፣ ከምግቡና ከመጠጡ እንደሚያግደው፣ ጉዳዩን የጨረሰ መንገደኛም ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ መፍጠን እንዳለበት ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሐዲሱን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ዛሬ ለውድ አንባቢያን የማካፍለው እኔና እናቴ ይህንኑ ሐዲስ በመንገድ ላይ እንዴት እንደኖርነው ነው። ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ዐረብ ሀገር፣ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ልጅ የላከ ቤተሰብ ብዙ ነውና፣ አንድ ቀን አንዲት እናት አራስ ልጇን ለመንከባከብ፣ አንድ አባት ናፍቆቱን ለመወጣት ከቀዬው ይነሣል።

እህቴ ከባለቤቷ ጋር የምትኖረው በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ነው። በ2002 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ በሚያዝያ አጋማሽ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ አልፎባት ነበርና እናቴ ወሬውን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። «የዚህኛውን ጩኸት ሳልሰማማ አልቀርም» አለች። ደሴ ተወልዳ፣ ደሴ ወልዳ፣ ከአዲስ አበባ አልፋ የማታውቅ ሴት ናት። እህቴ የጥሪ ደብዳቤ ላከች፣ የጤና መድን ተገዛ፣ እኔ አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ ለሁለታችንም ቪዛው ተመታ።

እናቴ ሻንጣዋን ያዘጋጀችው ለአራስ ቤት ነው። በሶ፣ አብሽ፣ ማር፣ የገንፎ ዱቄት፣ ዳቦ ቆሎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ። ቅቤውን በእጇ መርጣ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልላ፣ በነጠላ አስራ ሻንጣው መሐል አስቀመጠችው። ሐሙስ ሚያዝያ 7 ቀን ሌሊት ከቦሌ ተነሣን። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ቀይረን በማግሥቱ ለዙህር እህቴ ቤት እንደምንደርስ ነበር ሐሳባችን።

አመዱ

ዓርብ ንጋት ላይ ፍራንክፈርት ስንወርድ የበረራ ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል በሚል ጽሑፍ ተሞልቷል። ከሁለት ቀን በፊት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 2010፣ በአይስላንድ ደሴት በበረዶ ግግር ሥር ያለ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። እሳቱ በረዶውን ሲያቀልጥ የወጣው ደቃቅ አመድ በነፋስ ተገፍቶ ወደ አውሮፓ ሰማይ ገባ። አመዱ ብርጭቆ መሰል ቅንጣት ስላለበት በጄት ሞተር ውስጥ ቀልጦ ሊጣበቅና ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። በዚህ የተነሣ ብዙ አየር መንገዶች ቆሙ። የስቶክሆልም ሰማይ ከእኛ በፊት ተዘግቶ ነበር፤ የፍራንክፈርቱም በዚያው ጧት ተዘጋ። በነዚያ ቀናት ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎች ተሰርዘው ወደ 10 ሚሊዮን የሚሆን መንገደኛ ባለበት ቀርቷል።

ለእናቴ ነገሩን ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አመድ?» አለች። «አመድ ነው እንዲህ ያለውን ብረት ያቆመው? ሱብሐነላህ!» ከዚያ ፊቴን አይታ፣ «አብሽር ልጄ፤ ያስቀረን የሚያውቀው ነገር አለ» አለችኝ። እኔ ላጽናናት ስዘጋጅ ቀድማ አጽናናችኝ።

ሰልፉ ማለቂያ አልነበረውም። ወደ ሌላ አገር ለማለፍ የመጡና የአውሮፓ ቪዛ የሌላቸው መንገደኞች ከአውሮፕላን ጣቢያው መውጣት ስለማይችሉ በመተላለፊያው ላይ ታጣፊ አልጋ ተዘርግቶላቸው ነበር። እኛ ቪዛው ስለነበረን ሆቴል ተሰጠን። ይህ በጎ አድራጎት አልነበረም። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚነሣ በረራ ሲሰረዝ፣ ምክንያቱ የተፈጥሮ አደጋ ቢሆንም እንኳ፣ አየር መንገዱ ለመንገደኛው ምግብና ማደሪያ የመስጠት፣ የትኬቱን ገንዘብ የመመለስ ወይም በሌላ መንገድ የማድረስ ግዴታ አለበት። ሕጉ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ከአጠገባችን ሕጉን ሳያውቁ በራሳቸው ገንዘብ ክፍል ሊከራዩ የተነሡ ሰዎች አይቻለሁና፣ ወደ አውሮፓ ቤተሰብ የሚልክ ሁሉ ይህችን ነገር ይያዝ።

ቅቤው

ሆቴል ለመሄድ ሻንጣችንን ተረክበን በጉምሩክ በኩል መውጣት ነበረብን። ሠራተኛው ከየት እንደመጣን ጠየቀና ሻንጣው እንዲከፈት አዘዘ። በሶውን አሸተተው፣ ማሩን አገላበጠው፣ አለፋቸው። ነጠላውን ሲፈታ ግን ራሱን ነቀነቀ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አሳየን፦ ሥጋና ወተት፣ የወተት ተዋጽኦም ሁሉ፣ ከአውሮፓ ውጭ ተይዞ አይገባም።

እናቴ «ለአራስ ነው በለው» አለችኝ። አልኩት። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ አራስ አያውቅም። «እሺ፣ እኛ ካልተፈቀደልን ለድሃ ይስጡት» አለች። እንደሚቃጠል ሲነገራት ክው ብላ ቀረች። የሰው ኒዕማ፣ ያውም ቅቤ፣ አውቆ ማቃጠል እሷ ባደገችበት አገር የሚነገር ነገር አይደለም። ከአውሮፕላን ጣቢያው እስክንወጣ አንድ ቃል አልተናገረችም። እውነቱን ለመናገር ከአመዱ ይልቅ ልቧን የሰበረው ቅቤው ነበር።

ማታ ሆቴሉ ውስጥ ምክንያቱን ቀስ ብዬ ነገርኳት። የሚፈሩት የከብት በሽታ ነው፣ በተለይም አፍተግርን፤ በሽታው በሥጋና በወተት ተሸክሞ ይገባና አንድ አገር ሙሉ ከብት ሊያስፈጅ ይችላል አልኳት። አፍተግር የምትለውን ቃል ስትሰማ ቀና አለች። «እንዲያ ነው እንዴ? እኛስ ከብቱ የታመመበት ሰፈር መች እንሄዳለን? ሐቅ አላቸው» አለች። ከዚያ በኋላ ቅቤውን አላነሣችውም።

እንግዳ አገር መጀመሪያ ግራ የሚያጋባን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሥራቸው እንጂ ምክንያታቸው አይታየንም። ምክንያቱ በምናውቀው ቋንቋ ሲነገረን ያ ባዕድ ሰው እንደኛው ለከብቱ የሚሳሳ ገበሬ ሆኖ እናገኘዋለን።

ቂብላው

በሆቴሉ ሁለት ሌሊት አደርን። እናቴ በሊፍት ውስጥ የምታገኘውን ሁሉ ጎንበስ ብላ ትሰላምታለች፤ ሰዎቹ ወለሉን ያያሉ። ውሃ አምጣልኝ ብላኝ ከሱቅ የገዛሁት ጠርሙስ ሲከፈት ፈላ። ቀምሳ «ይኸማ አምቦ ውሃ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ወረቀት እንጂ ውሃ ስለሌለ ያው የአምቦው ጠርሙስ ባዶ ሲሆን እብሪቅ ሆኖ አገለገለን። የአሳማ ሥጋ እንዳይገባበት ስለፈራን ከቁርሱ ላይ የምናነሣው ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፍራፍሬ ነበር። የቀረውን ዳቦ ቆሎው ሸፈነው።

ለሶላት ስንቆም ሌላ ነገር መጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ መካ ያለችው ወደ ሰሜን ነው። እናቴ ዕድሜ ልኳን የሰገደችው ወደ ሰሜን ነው። ፍራንክፈርት ላይ ቂብላው ወደ ደቡብ ምሥራቅ መሆኑን ነግሬ ምንጣፏን ስዘረጋላት፣ «አገራችንስ በየት በኩል ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ ሲታይ እሷም ከሞላ ጎደል በዚያው በኩል ናት አልኳት። አገሯ ሳለች ለሶላት ስትቆም ቤቷን ወደ ኋላዋ ትታ ነበር የምትሰግደው፤ አሁን ቂብላዋና ቤቷ በአንድ አቅጣጫ ሆኑ። ያን ዕለት ሱጁዷ ረዘመ።

«ዛሬም መንገደኛ ነን ብለን ነው የምንሰግደው?» አለችኝ በሁለተኛው ቀን። በሻፊዒ መዝሀብ ከመግቢያና ከመውጫው ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቀመጥ የቆረጠ ሰው ሶላቱን ይሞላል፤ በሐነፊ ገደቡ 15 ቀን ነው። ዛሬ ነገ እሄዳለሁ እያለ ጉዳዩን የሚጠብቅ ሰው ግን ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መካ በተከፈተች ጊዜ 19 ቀን ቆይተው እያሳጠሩ መስገዳቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። የዑመር ልጅ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) በአዘርባጃን በረዶ መንገድ ዘግቶበት ስድስት ወር ሲቀመጥ ሁለት ሁለት ረከዐ ይሰግድ እንደነበረ ተላልፏል። ለእናቴ ይህን ስነግራት፣ «እነሱንም በረዶ አስቀርቷቸዋል?» አለችና ፊቷ ፈካ። ከእኛ በፊት ሰው በመንገድ እንደቀረ፣ ዲናችንም ለዚህ ቦታ እንዳዘጋጀለት ማወቅ ለመንገደኛ ትልቅ ስንቅ ነው።

ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ ተደወለ። የእህቴ ባለቤት ነበር። ሴት ልጅ፣ ሁለቱም ደኅና። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሕፃኗን ድምፅ ከሩቅ ሰማች። ሱጁድ ወረደች። ስትነሣ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ማን አጠገቧ አለ?» አለች። ባለቤቷ አለ አልኳት። «እሱማ ወንድ ነው» አለችና፣ «ነገ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» ብላ ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመረች።

መርከብ የዋጠው ባቡር

እሑድ ጧት ባቡር ጣቢያ ወረድን። አውሮፕላን ያጣ ሕዝብ ሁሉ ወደ ሐዲድ ስለዞረ መቀመጫ ቀርቶ መቆሚያም ጠፍቶ ነበር። አንድ ጎረምሳ ተማሪ እናቴን አይቶ ቃል ሳይናገር ተነሣላት። እሷም ዳቦ ቆሎውን ከፍታ በዙሪያዋ ላለው ሁሉ አዳረሰች። በዚያ አገር ባቡር ውስጥ ለማያውቁት ሰው ምግብ ማቅረብ የተለመደ አይመስለኝም፤ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። በኋላ አንዲት አሮጊት አንዲት ፍሬ አነሡና ቆረጠሟት፤ ተከትሎ ሁሉም እጁን ዘረጋ። ሐምቡርግ ስንደርስ የማናውቃቸው ሰዎች ሻንጣችንን ተሸክመው አወረዱልን።

ከሐምቡርግ ወደ ኮፐንሐገን ያለው ሐዲድ በዚያን ጊዜ ባሕር ላይ ያቋርጥ ነበር። ባቡሩ የጀርመን ጠረፍ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ በመርከብ ሆድ ውስጥ ገባ። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ወደ መርከቡ ሰገነት ወጣ፤ 45 ደቂቃ ያህል ተጉዞ ዴንማርክ ላይ ባቡሩ ከመርከቡ ወጥቶ መንገዱን ቀጠለ። ይህ አገልግሎት በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቀርቷል። ሐይቅን እንጂ ባሕር አይታ የማታውቀው እናቴ ብረቱን ጨብጣ ውሃውን አየችው፤ ዳር የለውም። «ከብረቱ ፈረስ ወርደን የብረት ዓሣ ዋጠን» አለች። ቢስሚላህ እያለች እስክንወርድ ድረስ እጇን ከብረቱ አላላቀቀችም።

እኔ እዚያ መርከብ ላይ ትዝ ያለኝ የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። አቡ ሙሳና ከ50 የበለጡ ወገኖቹ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ፍለጋ ከየመን በመርከብ ተነሡ። መርከባቸው ግን ካሰቡበት አላደረሳቸውም፤ ወደ ሐበሻ ምድር፣ ወደ ነጃሺ አገር ጣላቸው። እዚያ የአቡ ጧሊብን ልጅ ጀዕፈርን አገኙ፤ አብረውትም ተቀመጡ። መዲና የገቡት ኸይበር በተከፈተበት በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። የሄዱበት ጉዳይ ከአላህ መልእክተኛ ጋር ለመገናኘት ነበርና መዘግየቱ እንዴት እንደከበዳቸው መገመት አያዳግትም።

ከነሱ ጋር ከሐበሻ ከተመለሱት አንዷ የጀዕፈር ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ናት። ዑመር (ረ.ዐ.) በሂጅራ ቀድመናችኋል ሲላት ተቆጣች። እናንተ የተራበውን ከሚያበሉት፣ ያላወቀውን ከሚያስተምሩት ነቢይ ጋር ነበራችሁ፤ እኛ ግን ሩቅና ባዕድ ምድር ላይ ነበርን የሚል መልስ ሰጠችው፤ ነገሩንም ወደ ነቢዩ ወሰደችው። እሳቸውም ለነዑመር አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የነጃሺን ፍትሕ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን አስማ ልጆቿን፣ ዐብዱላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። እናቷ በሌለችበት፣ የአካባቢውን ቋንቋ በማታውቅበት አገር ወልዳለች። አራስ ሆና የመጀመሪያውን ትኩስ ነገር ያቀረበላት ማን ይሆን? ታሪክ ያን ሰው በስም አላቆየልንም። እናቴ «ማን አጠገቧ አለ?» ብላ የጠየቀችው ጥያቄ ግን ያኔም የአንዲት እናት ጥያቄ የነበረ ይመስለኛል።

ሰው የማይገባበት አራስ ቤት

ኮፐንሐገንን አልፈን፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በስምንት ኪሎ ሜትሩ የባሕር ድልድይ ላይ ተሻግረን ማልመ የምትባል የስዊድን ከተማ ስንገባ መሽቶ ነበር። እዚያ ቁጭ ብለን አደርን። ሰኞ ቀትር ላይ ስቶክሆልም ገባን። ሪንከቢ የተባለው የእህቴ ሰፈር ስንደርስ በሩን የከፈተችልን የማናውቃት ሴት ነበረች፤ ከላይኛው ፎቅ የምትኖር ሱማሌ ጎረቤት። በእጇ ማማሰያ ይዛለች። እህቴ ከሆስፒታል በተመለሰችበት ሰዓት ሾርባ ይዛ ወርዳ፣ ሳትጠራ መጥታ፣ ሳትሰለች ነበረች። ሱማሌዎችም እንደኛው አራስን 40 ቀን ይጠብቃሉ። እናቴና እሷ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። «አስሰላሙ ዐለይኩም» ተባብለው ተቃቀፉ፤ ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ደገመች። ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም።

በቀጣዮቹ ቀናት እናቴን ያስገረማት ብዙ ነው። ስዊድኖች በር ላይ ጫማ ማውለቃቸው ደስ አሰኛት። በፋርማሲም በክሊኒክም ሰው ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ቆርጦ ተራውን ሲጠብቅ አየችና፣ «መልካም ነው፤ ድሃና ሀብታም አይለይም። ግን ወረቀቷ እንዴት አደርሽ አትልም» አለች። ነርስ እቤት ድረስ መጥታ፣ ያለ ክፍያ፣ ሕፃኗን መዝና እህቴን መርምራ ስትሄድ በአድናቆት ዱዓ አደረገችላት። በካፌ ደጅ ብርድ ላይ በጋሪ ውስጥ የተኙ ሕፃናት ስታይ ግን ልብሷን አውልቃ ልታለብሳቸው ምንም አልቀራት። ልጅ በንጹሕ አየር ቢተኛ ይጠነክራል የሚል ልማድ እንዳላቸው ስነግራት፣ «ይሁን፤ የኔዋ ግን አትወጣም» አለች፤ አልወጣችም።

ከሁሉ የከበዳት ዝምታው ነው። በእኛ ዘንድ አራስ ቤት ሰው አይጠፋበትም። እዚህ ስልክ ሳይደወል የሚመጣ የለም። «ሰው የማይገባበት አራስ ቤት» እያለች በመስኮት ታያለች። ይሁን እንጂ ፍርዷ ሚዛናዊ ነበር። አንድ ቀን እህቴ ከልጇ ጋር ረጅም እንቅልፍ ስትተኛ እያየች፣ «እኛ ደግሞ አራሷን በጥየቃ ብዛት እንቅልፍ እንነሣታለን፤ ይህችን ከነሱ ብንማር» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ቡና ቆላች። ጭሱ ሲነሣ ጣራው ላይ ያለው የጭስ መጠቆሚያ ደወል ጮኸ፤ ሕንፃው ተናወጠ። ባለቤቷ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲያጠፋው በሩ ተንኳኳ። በአንድ ግድግዳ የምንለያይ አሮጊት ስዊድናዊት ነበሩ፤ እሳት መስሏቸው ደንግጠዋል። እናቴ ምንም አልመሰላትም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም አለቻቸውና በክንዳቸው ይዛ አስገባቻቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ ሲኒ አስያዘቻቸው። ስዊድኖች በዓለም ላይ ቡና አብዝተው ከሚጠጡት ሕዝቦች ውስጥ ናቸው፤ ሥራ አቋርጠው ቡና የሚጠጡበት ጊዜም «ፊካ» የሚባል ስም አለው። ሴትዮዋ አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውንም ጠጡ። ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ ከእህቴ ጋር በደረጃ ላይ ሲተላለፉ ዓመታት ቢያልፉም የቤቱን ውስጥ ሲያዩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩን። በሳምንቱ አቂቃ ሲወጣ ለሕፃኗ በእጃቸው የሠሩትን የሱፍ ካልሲ ይዘው መጡ። ሱማሌዋ ጎረቤት፣ ስዊድናዊቷ አሮጊትና እናቴ በአንድ ምንጣፍ ዙሪያ ተቀምጠው ሕፃኗን ሲቀባበሉ ያየ ሰው ሦስቱ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ ለመጠየቅ ያፍር ነበር።

የማይጨልመው ሌሊት

እናቴ የእጅ ሰዓቷን ከደሴ ሰዓት አልቀየረችም። በአገሯ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ስቶክሆልም ስንገባ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። ሰኔ ሲጋመስ ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፈ፤ ንጋት ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ትወጣለች፤ በመሐሉ ሙሉ ጨለማ አይመጣም። «ታዲያ ዒሻው መቼ ነው?» አለች። እዚያ ያሉ ሙስሊሞች በመስጂድ የሚወጣውን የሰዓት ሰሌዳ ይከተላሉ። ዑለማዎች ለዚህ መሠረት የሚያደርጉት በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ ነው፦ በደጃል ዘመን አንዱ ቀን እንደ ዓመት እንደሚረዝም ሲነገር ሶሃቦች ስለ ሶላቱ ጠየቁ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ ቀን ሶላት እንደማይበቃና ሰዓቱን በግምት እንዲያሰሉ አስተማሩ። እነሱ የጠየቋት ጥያቄ ከ1,400 ዓመት በኋላ ለደሴዋ እናቴ መልስ ሆነች።

አንድ ዓርብ በደቡባዊው ደሴት ላይ ወዳለው የስቶክሆልም መስጂድ ወሰድናት። ሕንፃው በ1903 እ.ኤ.አ. የተሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፤ መስጂድ ሆኖ የተከፈተው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ስትሰማ፣ «ዱሮም ኑር የሚወጣበት ቤት ነበር በሉኛ» አለች። በሐምሌ መጀመሪያ ወደ አገሯ ስትመለስ ሸኝዎቿ ከእኛ ቤተሰብ በላይ ጎረቤቶች ነበሩ።

እኛስ?

ውድ አንባቢያን፣ እንግዳ አገር የገባ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ውሃው የት እንዳለ የሚያሳየው፣ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ የሚነግረው፣ በሩን አንኳኩቶ ትኩስ ነገር የሚያቀብለው አንድ ሰው ነው። እህቴን የደረሰላት መንግሥትም ነበር፣ ሆስፒታልም ነበር፤ እናቴ ስትመጣ ልቧን ያሳረፈው ግን ማማሰያ ይዛ በሩን የከፈተችው ሱማሌዋ ጎረቤት ናት።

የመንገድ መዝጊያው ደግሞ ተራ በተራ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በዚያ አገርም በረራዎች ተሰረዙ። ያን ዕለት በእኛ አመድ ምክንያት ከአራስ ልጇ የቀረች እናት አትኖርም ማለት አይቻልም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት የተሰደዱ ቤተሰቦች በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥም በየሰፈሩ ተከራይተው የሚኖሩ አሉ። ከነሱ መሐል እናቷ የሌለችበት አራስ አለች። እኛ ነጃሺ አገር የሚል ስም የተሰጠን ሕዝብ ነን፤ ስሙ ግን በየትውልዱ መታደስ ይፈልጋል። ታሪኩን መተረክ ቀላል ነው፤ ገንፎ አገንፍቶ ደረጃ መውጣት ነው ሥራው። እህቶቻችን በዚህ ሳምንት በሰፈራቸው ያለችውን አንዲት እንግዳ ቤት ቢያንኳኩ፣ ቋንቋ አይቸግራቸውም። «አስሰላሙ ዐለይኩም» እና «አልሐምዱሊላህ» መግቢያ ይሆናሉ፤ ሙስሊም ካልሆነችም ትኩስ ሰሃን ራሱ ይናገራል።

አላህ (ሱ.ወ.) በመንገድ የቀረውን ያድርስልን፣ በባዕድ አገር የምትወልደውን ያለ አጽናኝ አይተዋት፣ በራችንንም ለእንግዳ ክፍት ያድርገው። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ